የአይቲ ተማሪ እንግሊዝኛውን እንዴት ያንብብ? ከቃላት ደብተር እስከ ኤረር መልእክት

አይቲ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ «እንግሊዝኛው ከበደኝ» ሲል ወዲያው የሚሰጠው ምክር የቴክኒክ ቃላት ዝርዝር አውርዶ እንዲሸመድድ ነው። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ሞልቷል። እኔ ይህን ምክር አልሰጥም። ራውተር፣ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ ኮምፓይለር የሚሉትን ቃላት ተማሪው ሳይፈልጋቸውም ይለምዳቸዋል፤ መምህሩ በአማርኛ ሲያስረዳ እንኳ የሚጠራቸው በእንግሊዝኛ ስማቸው ነው። ገጹን የማይገፋ የሚያደርጉት በእነሱ መካከል የተሰገሰጉት ተራ ቃላት ናቸው፦ «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»፣ «ራዘር ዛን»። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይገቡኝም» የሚል ተማሪ ትክክለኛውን በሽታ ተናግሯል፤ መድኃኒቱ ግን 500 ቃል መሸምደድ አይደለም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የቴክኒክ ቃላትን ከኋላ አሰልፎ ከሌላው ይጀምራል። ቅደም ተከተሉን ባትጠብቁም ችግር የለውም፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ግን አትዝለሉ።

የት እንዳላችሁ ለኩ

በዚህ ሴሚስተር ከምትማሩት ኮርስ አንድ መጽሐፍ ወይም ሞጁል ክፈቱ። ስላይድ አይሆንም፤ ስላይድ የሐረግ ቁርጥራጭ ስለሆነ የማንበብ አቅምን አያሳይም። ሙሉ አንቀጽ ካለበት ገጽ 300 ቃል ያህል አንብቡና የማታውቁትን ቃል ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት። «ገምቼዋለሁ» የምትሉትንም ጨምሩ።

ኒውዚላንዳዊው የቃላት ትምህርት ተመራማሪ ፖል ኔሽን ከአንዲት ባልደረባው ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንባቢ ያለ ድጋፍ አንድን ጽሑፍ በቅጡ ለመረዳት በውስጡ ካሉት ቃላት 98 ከመቶውን ያህል ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ከእነሱ በፊት የተጠቀሰው ዝቅተኛ መስፈርት 95 ከመቶ ነበር። ወደ 300 ቃሉ ስንመልሰው፣ ያሰመራችሁበት 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዝም ብላችሁ አንብቡ። እስከ 15 ከሆነ በመዝገበ ቃላት እየታገዛችሁ መግፋት ትችላላችሁ። ከ15 በላይ ከሆነ ግን መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጡትና በዚያው ርዕስ ላይ ቀለል ያለ ጽሑፍ ፈልጉ። ሲምፕል ኢንግሊሽ የሚባለው የዊኪፒዲያ ክፍል በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ነው፤ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወይም ስለ ኔትወርክ መጀመሪያ እዚያ አንብቦ ወደ መጽሐፉ የሚመለስ ተማሪ ግማሹን መንገድ ጨርሷል። ይህ ማፈሪያ አይደለም። ማፈሪያው በየመስመሩ አምስት ቃል ከማይታወቅበት ገጽ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ተፋጦ ማደር ነው።

ያሰመራችሁባቸውን ቃላት ለዩ

አሁን ያሰመራችሁባቸውን ቃላት ተመልከቱ። ሁሉም እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ የትም ቦታ የሚያጋጥሙ ተራ ቃላት ናቸው። ለእነዚህ ኒው ጄኔራል ሰርቪስ ሊስት የተባለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነፃ ዝርዝር አለ። 2,800 ያህል ቃላት ሲኖሩት፣ እነሱን ያወቀ ሰው ከጠቅላላ ጽሑፍ 92 ከመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ከእነዚህ ውስጥ የማታውቁት ካለ ቅድሚያ የእሱ ነው፤ ከማንኛውም የኮምፒውተር ቃል በፊት።

ሁለተኛዎቹ በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ መጽሐፍ ውስጥ የሚመላለሱ ናቸው። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. 570 የቃል ቤተሰቦችን ሰብስባ አካዳሚክ ወርድ ሊስት ብላ አውጥታለች፤ ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 ከመቶውን ያህል ይይዛሉ። ለአይቲ ተማሪ ደስ የሚለው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ በእጃችን ያሉ ናቸው፦ አሎኬት፣ ሴኩዌንስ፣ ፓራሜትር፣ ፕሮቶኮል፣ ሃይራርኪ፣ ራንደም፣ ተርሚኔት፣ ሰስፔንድ፣ ትሪገር፣ ሪቴይን። ይህን ዝርዝር በአንድ ዓመት ቀስ ብሎ የጨረሰ ተማሪ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መጽሐፍም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍም ይነበብለታል።

ሦስተኛዎቹ ለእኛ ሙያ ብቻ የተፈጠሩት ናቸው። በእነሱ አትጨነቁ፤ ኮርሱ ራሱ ያስተምራችኋል።

አራተኛዎቹ ተንኮለኞች ናቸው። የምታውቋቸው ይመስላችኋል፤ ግን ልብስ ቀይረው መጥተዋል። «ፎርክ» ለምሳ ሹካ ነው፤ ዩኒክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ግን አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ራሱን አባዝቶ ልጅ የሚወልድበት ጥሪ ነው። ወላጁ ቀድሞ ያበቃበት ልጅ «ኦርፋን» ይባላል። ሥራውን ጨርሶ ሳለ ወላጁ ውጤቱን ያልተቀበለለት ደግሞ «ዞምቢ» ነው። «ኪል» (መግደል) አለ፣ «ስታርቬሽን» (ረሃብ) አለ፣ «ዴመን» (ጋኔን) አለ። የኦፐሬቲንግ ሲስተም መጽሐፍ ለማያውቀው ሰው ጮክ ብላችሁ ብታነቡለት ፖሊስ ይጠራ ይሆናል። ለእነዚህ ቃላት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አይረዳም፤ ጉግል ትራንስሌትም ሹካውን ሊሰጣችሁ ይችላል። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የቃላት መፍቻ ወይም ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በደማቁ የተጻፈበትን አንቀጽ ፈልጉ።

ትንንሾቹ ቃላት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና።

«አንለስ»ን ውሰዱ። አማርኛ «ተጠቃሚው ካላስቀመጠው በቀር ፋይሉ ይጠፋል» ሲል አሉታውን ግሡ ላይ ያኖረዋል፤ «ካላስቀመጠው»። እንግሊዝኛው ግን ግሡን አዎንታዊ አድርጎ ይተወዋል፤ አሉታው ያለው «አንለስ» ውስጥ ብቻ ነው። እሷን የዘለለ አንባቢ «ተጠቃሚው ካስቀመጠው ፋይሉ ይጠፋል» ብሎ ገልብጦ ይረዳል፤ ፈተናም ላይ ገልብጦ ይመልሳል። ስለዚህ «አንለስ»ን ባያችሁ ቁጥር ክበቡባትና ከኋላዋ ያለውን ግሥ በአማርኛ «ካል» ብላችሁ ጀምሩት።

«ሪስፔክቲቭሊ» ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ ያለውን ሁሉ ታዛለች። ኤችቲቲፒ እና ኤችቲቲፒኤስ ፖርት 80 እና 443 ይጠቀማሉ፣ ሪስፔክቲቭሊ ካለ፣ የመጀመሪያው ለመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው ነው። እሷ ከሌለች ሁለቱም ሁለቱንም ይጠቀማሉ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በአማርኛ «እንደ ቅደም ተከተላቸው» ነው። «ዘ ፎርመር» እና «ዘ ላተር»ም እንዲሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እንድትቆጥሩ ያዟችኋል፤ ከተጠቀሱት ሁለት ነገሮች የፊተኛውና የኋለኛው።

«አት ሞስት» ቢበዛ፣ «አት ሊስት» ቢያንስ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባይነሪ ትሪ (ዳታን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያደራጅ አወቃቀር) ፍቺው ሲሰጥ እያንዳንዱ ኖድ (መገናኛ ነጥብ) አት ሞስት ሁለት ልጆች አሉት ይላል፤ ይህን «ሁለት ልጆች አሉት» ብሎ ያነበበ ተማሪ አንድ ልጅ ብቻ ያለውን ወይም ምንም የሌለውን ኖድ ሲያይ ባይነሪ ትሪ አይደለም ይላል። አንዲት ሐረግ ጠፍታ ሙሉ ምዕራፍ ይበላሻል።

«ራዘር ዛን» እና «ኢንስቴድ ኦፍ» ከኋላቸው የሚመጣው የተተወው ነገር ነው፤ የተመረጠው ሌላው ነው። «አዘርዋይዝ» ማለት «ያ ካልሆነ» ነው፤ ኮድ ስትጽፉ ኤልስ የምትሉት። «ዌርአዝ» ሁለት ነገሮች እየተነጻጸሩ መሆኑን ይነግራችኋል፤ እሱን ስታዩ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ክፈሉት።

ከዚህ ወገን ሆኖ መደበኛ ትርጉም የተሰጠው አንድ ቡድን አለ። የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚጻፉባቸው አርኤፍሲ የተባሉ ሰነዶች አሉ፤ ቲሲፒም ኤችቲቲፒም እዚያ ነው የተደነገጉት። በመጋቢት 1997 እ.ኤ.አ. ስኮት ብራድነር ያዘጋጀው አርኤፍሲ 2119 «ማስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» የሚሉት ቃላት በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ ወስኗል። «ማስት» ግዴታ ነው፤ ካልተፈጸመ ደረጃውን አላሟላችሁም። «ሹድ» በቂ ምክንያት ካላችሁ ልትተዉት የምትችሉት፣ ግን መዘዙን መዝናችሁ መሆን ያለበት ነው። «ሜይ» ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8174 ደግሞ ይህ ልዩ ትርጉም የሚሠራው ቃላቱ በትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ብቻ ነው ብሎ አጥርቶታል። ሰነዱ አጭር ነው። ሦስቱን ቃላት በአማርኛ «አለበት»፣ «ቢደረግ ይገባል»፣ «ቢፈለግ ይቻላል» ብላችሁ ያዙና ማንኛውንም የቴክኒክ መመሪያ ስታነቡ ተጠቀሙባቸው።

ደብተሩ እንዴት ይያዝ

በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ትርጉም፣ በመካከላቸው መስመር። ሁላችንም ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው የያዝነው፤ ብዙም አይሠራም። ቃሉ ለብቻው ስለቆመ ጽሑፍ ውስጥ ስታገኙት አታውቁትም።

አንድ ካርድ ምን መምሰል እንዳለበት በ«አሎኬት» ላሳይ። ከፊት ለፊት ከራሳችሁ መጽሐፍ የተቀዳ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ቃሉ ግን ባዶ ቦታ ነው፦ «ዘ ኦፐሬቲንግ ሲስተም … ሜሞሪ ቱ ኢች ፕሮሰስ»። ከጀርባ በኩል ቃሉ፣ አጭር የአማርኛ ፍቺ (ለይቶ መመደብ፣ መደልደል)፣ ከዚያ ቤተሰቡ፦ አሎኬሽን ድልደላው፣ አሎኬተር ደልዳዩ፣ ዲአሎኬት የተመደበውን መልሶ መልቀቅ፣ ሪአሎኬት እንደገና መመደብ። በመጨረሻ አብሮት የሚሄደው ቃል፤ «አሎኬት» ምንን ለማን የሚለውን በ«ቱ» ነው የሚያያይዘው። ሲ የተማራችሁ ከሆነ «ማሎክ» እና «ሪአሎክ» የሚባሉት ፈንክሽኖች ከዚሁ ቃል ተቆርጠው የተሠሩ መሆናቸውን ከጎኑ ጻፉ። አንድ ካርድ፣ ስድስት ያህል ቃል።

አማርኛ ተናጋሪ የቃል ቤተሰብን ለመረዳት ባዕድ አይደለም። ለወጠ፣ ተለወጠ፣ ለውጥ፣ ለዋጭ፣ መለወጫ እያልን ከአንድ ሥር ቃል የምናወጣ ሰዎች ነን። እንግሊዝኛው ከፊትና ከኋላ ይቀጥላል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ፓይተን ላይ ተፕል (የእሴቶች ድርድር) «ኢምዩተብል» ነው ይባላል። ቁረጡት፦ «ኢም» አይደለም፣ «ሚዩት» መለወጥ፣ «ኤብል» የሚቻል። ሊለወጥ የማይችል። «ኤብል» የሚለውን ጭራ አንዴ ካወቃችሁ ስኬለብል፣ ኤግዚኪዩተብል፣ ፖርተብል በነፃ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚማሩት ቅጥያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከፊት ሪ፣ ዲ፣ አን፣ ኢን፣ ኢንተር፣ መልቲ፣ ፕሪ፤ ከኋላ ኤብል፣ ሽን፣ ነስ፣ ለስ፣ ኢር። እነሱን ይዛችሁ መጽሐፍ ስታገላብጡ በመዝገበ ቃላት የምትፈልጉት ቃል በግልጽ ይቀንሳል።

ለክለሳ አንኪ የሚባለው ፕሮግራም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ የምታውቁትን ካርድ እያራቀ፣ የረሳችሁትን እያቀረበ ያመጣል። ለኮምፒውተርና ለአንድሮይድ ነፃ ነው፤ ለአይፎን ግን ይሸጣል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው የተማርነውን የምንረሳው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ኋላ ግን በዝግታ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ካርድ በነጋታው መታየት አለበት። በቀን ከ10 በላይ አዲስ ካርድ አትጨምሩ። የሰኞ ጉጉት 40 ካርድ ይጽፋል፤ ሐሙስ ላይ ክለሳው ተከምሮ ፕሮግራሙ ይሰረዛል።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያጽናና ነው። ብራውዘር ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ለሰርቨር የሚነግርበት «ሪፈረር» የተባለ ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚላክ መረጃ) አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ውስጥ ድርብ መሆን የነበረበት አር ፊደል ነጠላ ሆኖ ተጻፈ። ስህተቱ ደረጃ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም ኮድ ስትጽፉ አሳስታችሁ መጻፍ አለባችሁ፣ ካስተካከላችሁት አይሠራም።

ዓረፍተ ነገሩን መፍታት

አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀድማል፣ ግሡን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። እንግሊዝኛ ረጅሙን ገላጭ ከስሙ ኋላ ይጎትተዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ቃል በቃል እየተረጎመ የሚሄድ አንባቢ የሚጠፋው እዚህ ነው። ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የሚመስል አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦

«ኤ ፕሮሰስ ዌይቲንግ ፎር ኤ ሪሶርስ ሄልድ ባይ አናዘር ፕሮሰስ ሜይ ኔቨር ሪዙም ኤግዚኪዩሽን።»

በመጀመሪያ ዋናውን ግሥ ፈልጉ። እጩዎቹ ሦስት ናቸው፦ «ዌይቲንግ»፣ «ሄልድ» እና «ሜይ ሪዙም»። «ዌይቲንግ» ከፊቱ «ኢዝ» ስለሌለው ብቻውን ግሥ ሊሆን አይችልም። «ሄልድ» ያታልላል፤ ያለፈ ጊዜ ግሥ ይመስላል። ነገር ግን ወዲያው «ባይ» ተከትሎታል፤ ስለዚህ «የያዘ» ሳይሆን «የተያዘ» ነው። የቀረው «ሜይ ሪዙም» ነው። ዋናው ግሥ እሱ ነው።

ቀጥሎ ከስም ኋላ የተጎተተውን ሁሉ በእርሳስ ቅንፍ ውስጥ አስገቡት፤ ከ«ዌይቲንግ» እስከ ሁለተኛው «ፕሮሰስ» ድረስ። ቅንፉን ዘልላችሁ አንብቡ፦ አንድ ፕሮሰስ ሥራውን ፈጽሞ ላይቀጥል ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ይህንን ነው። የቀረው የትኛው ፕሮሰስ እንደሆነ መግለጫ ነው።

አሁን ቅንፉን ከኋላ ወደ ፊት በአማርኛ ገንቡት። ከመጨረሻው ተነሱ፦ በሌላ ፕሮሰስ፤ የተያዘን ሪሶርስ፤ የሚጠብቅ ፕሮሰስ። አንድ ላይ፦ «በሌላ ፕሮሰስ የተያዘን ሪሶርስ የሚጠብቅ ፕሮሰስ ሥራውን ፈጽሞ ላይቀጥል ይችላል።» ዴድሎክ ማለት ይህ ሁለቱም ወገን ላይ ሲሆን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲፈታ ጽንሰ ሐሳቡም አብሮ ተፈታ።

በቀን ሁለት ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጋችሁ ፍቱ። ሁለት ብቻ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እርሳስ ሳታነሡ ዓይናችሁ ቅንፉን ራሱ ያያል።

ደስ የሚለው፣ የስም ክምር ሲያጋጥማችሁ ተቃራኒው ነው። «ዩዘር አካውንት ማኔጅመንት ሰርቪስ» ዓይነቱ ያለ ምንም ማያያዣ የተደረደረ ስም በአማርኛም ቅደም ተከተሉን አይለውጥም፤ የተጠቃሚ አካውንት ማስተዳደሪያ አገልግሎት። ዋናው ቃል በሁለቱም ቋንቋ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ክምር ስታዩ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቃል ያዙ፤ ነገሩ እሱ ነው፣ ሌላው የእሱ ዓይነት ነው።

«ኢት»፣ «ዚስ»፣ «ዜይ» ሲመጡ ደግሞ ወደ የትኛው ስም እንደሚመለሱ ቀስት አስምሩ። ቀስቱን ማስመር ካቃታችሁ አንቀጹ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ወደ ፊት አትሂዱ።

ኤረር መልእክት እንደ ዕለታዊ ንባብ

ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ኤረር ነው፤ ይልቁንም ሳያነበው የሚያልፈው። ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ኮፒ አድርጎ ቻትጂፒቲ ላይ ይለጥፋል። መለጠፉ ክፉ አይደለም። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን መልእክቱን በአማርኛ አንድ ጊዜ በሉት፤ ነፃ የንባብ ትምህርት ነው።

ፓይተን ላይ ከታች ጀምሩ። ትሬስባክ የሚባለው ዝርዝር መጀመሪያው ላይ የቅርቡ ጥሪ መጨረሻ ላይ እንዳለ ራሱ ይናገራል፤ ምክንያቱ የመጨረሻው መስመር ነው። «ሊስት ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለ፣ ሊስቱ ውስጥ በሌለ ቁጥር ጠይቃችኋል ማለት ነው፤ ሦስት ነገር ያለው ሊስት 0፣ 1 እና 2 እንጂ 3 የለውም። ጃቫ ላይ ከላይኛው መስመር ተነሡና «ኮዝድ ባይ» የሚል ካለ የመጨረሻውን ፈልጉ፤ ሥሩ እዚያ ነው።

ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላትን መለየት ሰዓታት ያተርፋል። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» እና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ማሽኑ ተገኝቶ እምቢ ብሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ አገልግሎት የለም። በሁለተኛው መልስ የሰጠ የለም፤ መንገድ ላይ ፋየርዎል ይኖራል ወይም አድራሻው ስህተት ነው። ሰርቨር የሚመልሳቸው 401 እና 403 የተባሉት የኤችቲቲፒ የስህተት ቁጥሮችም እንዲሁ። 401 ማን እንደሆናችሁ አላወቅኩም ነው፤ 403 አውቄያችኋለሁ ግን አይፈቀድላችሁም ነው። የ401 ስም «አንኦተራይዝድ» (ያልተፈቀደለት) መሆኑ ነገሩን ያምታታል፤ በስሙ ሳይሆን በትርጉሙ ያዙት።

ዶክመንቴሽን

ዶክመንቴሽን ከላይ ወደ ታች አይነበብም። መጀመሪያ ምሳሌውን እዩ፣ ከዚያ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ በመጨረሻም «ኖት» (ማስታወሻ) እና «ዋርኒንግ» (ማስጠንቀቂያ) የተባሉትን ሳጥኖች። «ዴፕሪኬትድ» የሚል ምልክት ካያችሁ ነገሩ አሁንም ይሠራል፣ ግን አዲስ ኮድ ላይ አትጠቀሙት፣ ወደፊት ሊወገድ ይችላል ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ «ማን» የተባሉት የትእዛዝ መመሪያ ገጾች የራሳቸው ሰዋስው አላቸው፤ «ሲኖፕሲስ» በሚለው ክፍል ካሬ ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀርም የሚሆን ነው፣ ሦስት ነጥብ ደግሞ መደጋገም ይቻላል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቅንፉንም ትእዛዙ ውስጥ ይጽፈዋል።

ለፈተና ሲሆን

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የአይቲውም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው። ምርጫ ጥያቄ ላይ ከዕውቀት እኩል ጥያቄውን ማንበብ ይፈተናል። «ኤክሴፕት» (በቀር)፣ «ኖት» (ያልሆነ)፣ «ሊስት ላይክሊ» (የመሆን ዕድሉ ከሁሉ ያነሰ)፣ «ቤስት ዲስክራይብስ» (ከሁሉ ይበልጥ የሚገልጸው) የሚሉትን ከማንኛውም ነገር በፊት ክበቡ። «ኤክሴፕት» ካለ ከአራቱ ሦስቱ ትክክል ናቸው፤ የምትፈልጉት የማይሆነውን ነው። ተማሪ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አይቶ አጥቁሮ ያልፋል። የሚረዳው ዘዴ ይህ ነው፦ ጥያቄውን በአማርኛ በአጭሩ በልባችሁ በሉት፣ «የማይሆነው የቱ ነው?» ብላችሁ፣ ከዚያ በየምርጫው ፊት ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል ምልክት አድርጉ። «ቤስት» ሲሆን ግን ከአንድ በላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም ሳታነቡ አትምረጡ።

የጽሑፍ ፈተና ላይ ትእዛዙ የሆነው ግሥ ነጥብ ይወስናል። «ሊስት» ዘርዝር ነው፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጊዜ ማጥፋት ነው። «ጀስቲፋይ» ምክንያት አቅርብ፣ መልሱ ብቻ ግማሽ ነጥብ ነው። «ዲፈረንሺኤት» ልዩነቱን አሳይ፤ ሁለቱን ለየብቻ መተርጎም በቂ አይደለም። «ትሬስ» ደግሞ ኮዱን መስመር በመስመር ተከትለህ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ ጻፍ ነው።

ያለ ዳታ፣ ያለ መብራት

ፓኬጅ በሌለበት ቀን ንባብ መቆም የለበትም። የፓይተን ዶክመንቴሽን ሙሉውን ማውረድ ይቻላል። ዚል የሚባል ፕሮግራም የብዙ ቋንቋዎችን ዶክመንቴሽን ላፕቶፕ ላይ ያስቀምጣል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያንና የስታክ ኦቨርፍሎው ጥያቄና መልሶችን ሳይቀር ያለ ኢንተርኔት እንድታነቡ ያደርጋል። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ የግቢው ዋይፋይ ደህና በሆነበት ሰዓት አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለዶርሙ ያድርስ። መብራት የሚያስቸግር ከሆነ ሁለት ሦስት ገጽ ማተም ወይም በእጅ መገልበጥም አይናቅ፤ ቅንፍና ቀስት ለማስመር ወረቀት ከስክሪን ይሻላል።

ከዶርም ጓደኞች ጋር የሚሠራው ምርጥ ልምምድ ይህ ነው፦ ሦስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ የተለያየ ገጽ አንብባችሁ ለሌሎቹ በአማርኛ አስረዱ፤ አድማጮቹ ደግሞ ገጹን ይዘው «ይህ የት ላይ ነው የተባለው?» እያሉ ይጠይቁ። በአማርኛ ማስረዳት እንግሊዝኛን ያዳክማል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። አትስሙት፤ ያልገባውን ነገር በአማርኛ ማስረዳት የሚችል የለም፣ በእንግሊዝኛ ግን የመጽሐፉን ቃል እየደገሙ መደበቅ ይቻላል።

ሲሰለቻችሁ አርኤፍሲ 1149ን አንብቡ። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን የወጣ ቀልድ ነው፤ የኢንተርኔት ዳታ በእርግብ እግር ላይ ታስሮ እንዴት እንደሚላክ በፍጹም ቁም ነገር ቋንቋ ይደነግጋል። በ2001 በኖርዌይ በርገን ከተማ ያሉ የሊኑክስ ወዳጆች በእርግጥም በእርግብ ሞክረውት 9 ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ልከው ለ4ቱ መልስ አግኝተዋል። ሰነዱ ሁለት ገጽ ብቻ ስለሆነ ለልምምድ ይመቻል፤ ዳታው ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወረቀቱ በእግሯ ላይ ይጠቀለላል እያለ አድራጊው ባልተጠቀሰ ግሥ የተሞላ ነው። በእያንዳንዱ ግሥ ሥር አስምሩና «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከጎኑ በአማርኛ ጻፉ።